እንኳን ደስ ያለዎት!

ዕድለኛ ሕዝብ ነን፤ ሎተሪ ሳንቆርጥ ዕጣ ይወጣልናል። ደዋዩ ትሑት ነው። «ጌታዬ፣ የ100,000 ብር አሸናፊ ሆነዋል» ይላል። ሽልማቱን ለመላክ የጎደለው ትንሽ ነገር ነው፦ አሁን በአጭር መልእክት የገባልን የማረጋገጫ ቁጥር። መቶ ሺህ የሚያድል ድርጅት ጥቂት አኃዞች ቸግረውት ይለምነናል። እኛም ርኅሩኆች ነንና እንሰጣለን። የሚስጥር ቁጥሩን ለገዛ ሚስቱ የማይነግር አባወራ፣ ለማያውቀው ሰው አንድ በአንድ ያስጽፋል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገንዘባችን ስልክ ውስጥ ገባ፤ ሌባውም ኪስ መግባቱን ትቶ መደወል ጀመረ። አንዱ «በስህተት 5,000 ብር ልኬልህ ነው፤ የልጄ መታከሚያ ነው፣ ስለ እመቤቴ መልስልኝ» ይላል። የ«ገቢ ሆኗል» መልእክቱ ደርሷል፤ ብሩ ግን የለም። በ*127# ገብቶ ቀሪ ሒሳብ ማየት ጊዜ ይፈጃል ብለን እንልካለን፤ ለማልቀስ ግን ሙሉ ሌሊት አለን።

እንግዲህ ሳይቆርጡት ዕጣ ከወጣልዎት አይሳደቡ፤ በትሕትና «ወጪህን ከሽልማቱ ላይ ቀንሰህ የተረፈውን ላክልኝ» ይበሉት። ስልኩን ቀድሞ የሚዘጋው እሱ ነው።