በሁለት አባዛው!

ለላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሎጅ ሰፊ በር ታዘዘ እንበል። ብየዳ ቤቱ ከአንግል ብረት የሠራት ባለ 1 ሜትር የላሜራ ማጠፊያ አልበቃችም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ንድፉ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ በ2 ይባዛል፣ እርሳሱ እንኳ አይደክመውም። ብረት ግን ማባዛትን የተማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ያደገ ነገር ክብደቱ ስምንት እጥፍ ነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራም ከባለ 1 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ መታጠፍን አራት እጥፍ ይቃወማል፤ የወርዱ እጥፍነት ሲታከልበት ስምንት። እጀታው ሁለት እጥፍ ቢረዝምም ጎታቹ አራት እጥፍ መጎልበት አለበት፤ እሱን ደግሞ በ2 ያባዛው የለም።

«ክሪክ እንገጥምለታለን» ይባል ይሆናል። ይሁን፤ ክሪክ ክንድን ይተካል እንጂ የማጠፊያውን ወገብ አያቃናም። ርዝመቱን ብቻ እጥፍ አድርጎ የብረቱን ቁመት ለቆጠበ ሰው፣ ላሜራው ያው ቀጭኑ ቢሆን እንኳ፣ መሃሉ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጎብጣል፤ ጫፎቹ በወጉ ታጥፈው መሃሉ ሐይቁን ለማየት ያሰገገ በር ይወጣል። «ብረት እንጨምርበት» ለሚሉም፣ የት? በጎን የተለጠፈ የሚያስደስተው ብረት ሻጩን ነው፤ ቁመቱን እጥፍ ማድረግ ግን መጉበጥን ስምንት እጥፍ ይከላከላል። ማጉላትን የወደደ ብየዳ ቤት ብቻ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ)ም ከትራክተር እስከ ሕዳሴ ግድብ ደርሶ፣ በ2010 ዓ.ም. በግድቡ ላይ የነበረውን ሥራ ተነጥቋል። ብየዳ ቤቱ ቢያንስ ጉብጠቱን በአንድ ክር መለካት ይችላል።