ልክ ልክህን ከጎማህ ላይ

«ጎማ ጎማ ነው፤ ክብ ከሆነ ይበቃል» አልክ? በል ና፣ አያ ክቡ! ዘመሮ መናኸሪያ መሐል ቁምልን። ሰዉ ተሰብስቧል። እናንተም ጠጋ በሉና ፍረዱ። ክብ መሆን ከበቃማ ምጣድም ክብ ነው። አራት ምጣድ እሰርባትና ሞላሌ ድረስ ንዳት!

ስምህን ከ«ክቡ» ወደ «ክቡር» ላሳድግልህ አስቤ ነበር፤ አንዲት «ር» ጎደለችህ። የት እንዳለች ታውቃለህ? ጎማህ ጎን ላይ ተጽፋ ትስቅብሃለች፦ 165/70 አር 14። «አር» ራዲያል ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር። 70 የጎኑ ከፍታ፣ ከስፋቱ 70 በመቶ ማለት ነው። 14 የቸርኬው ልክ በኢንች። አንተ ግን ይሄን ሁሉ የባለ ፋብሪካው ስልክ ቁጥር መስሎህ አለፍከው። ደውለህለትም ይሆናል።

«በግራ 165፣ በቀኝ 185 ቢሆን ማን ያያል?» ትላለህ። ዲፈረንሻሉ ያያላ! 165/70 አር 14 ከላይ እስከ ታች 587 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ 185/70 አር 14 ደግሞ 615። ልዩነቷ ሦስት ሳንቲ ሜትር አትሞላም፤ ለዚህ ነው የናቅካት። ናቃትና አንድ ኪሎ ሜትር ንዳ። ትንሹ ጎማ 543 ጊዜ ይዞራል፣ ትልቁ 518። በአንዲት ኪሎ ሜትር 25 ዙር! ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሦስት ሺህ ዙር በላይ ትበላለጣለህ። ከማን ጋር? ከራስህ ጋር! ዲፈረንሻል ኩርባ ላይ እንዲያግዝህ የተሠራ ነው፤ አንተ ቀጥ ባለ መንገድ ቀኑን ሙሉ ኩርባ ላይ ያለ አስመሰልከው። ዙሩ የከረረው ባንተው ዲፈረንሻል ላይ ነው፣ አያ ክቡ።

«መሪው ወደ ግራ ይስባል» እያልክ ሻይ ቤት ስታማርር ሰዉ ፖለቲካ መስሎት ወንበሩን ያሸሻል። ተመለሱ፣ ምንም የለም! መሪው ንጹሕ ነው። አጥፊው ታናሹ ጎማ ነው፤ ወደ ራሱ ይጎትታል። ዝናብ ሲመጣማ አንዱ መሬት ሲይዝ ሌላው ይንሸራተታል። ፍሬን ይዘህ ፍሬ ያጣህ ሾፌር አንተን አየሁ!

አሁን ደግሞ ብልጥ ሆነህ «አራቱንም እኩል አተለቅኋቸው» አልክ። እሺ፣ እርስ በርሳቸው ታረቁ። ከመኪናዋ ጋር ማን አስታረቃቸው? ቆጣሪህ 100 ሲልህ አንተ ወደ 105 እየበረርክ ነው። ትራፊክ ሲያስቆምህ ልትምል ነው፤ ራዳሩ መሐላ አይቀበልም። መሪ ስትጠመዝዝ ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ «እርርር» ይላል። ዘመሮ ሳትደርስ ዘመረች! ቅዳሴ ላይ ነን ብለው ተሳፋሪዎችህ ጫማ ሊያወልቁ ነው።

ይሄ የቤት መኪናህ ነገር ነው። ሚኒባስህማ ሌላ ጉድ ናት። «ባለ 15 ቸርኬ ነው፣ ገጠመ አይደል?» ብለህ ለቶዮታ ሃይስ የቤት መኪና ጎማ አጠለቅክላት። ግጥሙን ገጠምክ፣ ቅኔው አመለጠህ! የሃይስ ጎማ 195 አር 15 ሲ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሲ» ለጭነት የተሠራ መሆኑን ትናገራለች፤ ከኋላዋ 106 የሚል ካየህ አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ያንተው 195/65 አር 15 ደግሞ ጎኑ ላይ 91 ይላል፤ 615 ኪሎ። ጣትህን አውጣና እንቁጠር። አራቱ በአንድ ላይ 2,460 ኪሎ። ሚኒባሷ ባዶዋን 2 ቶን ትጠጋለች። 15 ሰው ጫንክ፤ በ60 ኪሎ ብናስበው 900። ጎማው እዚህ ላይ አበቃለት፤ አንተ ገና ገብሱን ከፖርቶ መጋላ ላይ ልታስር ነው! ከገብሱ ጎን የታሰረው የመንዝ በግ በከንቱ የሚያለቅስ መስሏችሁ ነው? ደምሮ ጨርሶ ነው የሚጮኸው!

ልኩን ያለፈ ጭነት የተሸከመ ጎማ ይሞቃል፣ ጎኑ ይላላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። የት እንደሚፈነዳ አይመርጥም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወርዶ ፊትህን የማታይበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ከጎንህ ገደል፣ ከኋላህ ነፍሰ ጡር፣ ጉልበቷ ላይ ልጇን ያቀፈች እናት። «ጎመን በጤና» ነው ያደግንበት፤ አንተ ጎማም ጤናም አሳጣሃቸው። ለዚህ ነው የማልምርህ።

«ቦሎ አለኝ እኮ!» አዎ፣ አለህ። በምርመራው ቀን ከጎረቤት አራት ወንድማማች ጎማ ተውሰህ፣ አስፈትነህ፣ ማታ መለስክ። ጎማው ፈተናውን አለፈ፤ ሰርተፍኬቱን አንተ ወሰድክ። ገደሉ ግን ቦሎ አያነብም።

«አዲስ ነው ደግሞ፣ የ2015 ነው» ብለህ ጎኑን አሳየኸኝ። አነበብኩት፦ 2315። 23ኛው ሳምንት፣ 2015። በማን አቆጣጠር? በፈረንጅ! በእኛ ግንቦት 2007 ማለት ነው። ጎማን ያለ ጳጉሜን ጠበል በስምንት ዓመት ያሳነስክ የመጀመሪያው ሰው ነህ። ሻጩ ፈገግ ያለው ወድዶህ መስሎሃል? ላስቲክ እንደ ጠጅ አይደለም፣ ሲቆይ ይደርቃል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ወጣት ነው ብለህ አትማል፤ በዚያ ዕድሜው በረባሶ ሆኖ በክብር ጡረታ በወጣ ነበር።

«ጎማ ውድ ነው» ስትል ግን አፌን እይዛለሁ። ውድ ነው፣ እውነትህን ነው፤ እዚህ ላይ አልተርብህም። አራት መግዛት ካልቻልክ ሁለት ግዛ። ሁለቱ አንድ ልክ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ አክስል ላይ ይሁኑ። እሺ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ «አዲሶቹን ከፊት ላስገባ» አልክ! ምሕረቴን አባከንክብኝ። ከኋላ በላቸው! ዝናብ ላይ የፊቱ ቢንሸራተት በመሪ ትከራከረዋለህ፤ የኋላው ከከዳህ መኪናዋ ዞራ ፊትህን ወደ መጣህበት ታደርግልሃለች። ዘመሮ ብለህ ጭነህ ደብረ ብርሃን ትመለሳለህ፣ ሒሳብም አይመለስም።

«ልኩን ከየት ላውቅ?» አልክ። በሾፌሩ በኩል በሩን ክፈት፤ አንተ ሃያ ጊዜ በቀን የምትከፍተውን በር። ምሰሶው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ጃፓንኛ ነው» ብለህ እንዳትሸሽ፤ ፊደሉ ጃፓንኛ ቢሆን ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። ከዚያ ረዳትህ «ዘመሮ! ዘመሮ! የሞላ!» ብሎ ከመጣራቱ በፊት አራቱንም ዞረህ አንብብ። ስኮርታውንም ጨምር፣ እሱም ተጠርቶ ይመጣልና። ማንበቡ ከከበደህ ልጅህ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠብቃት፤ 185 ከ165 እንደሚበልጥ ሁለተኛ ክፍል ተምራዋለች።