የመስቀል ቅቤና የእኔ ዲኤክስ

የመስቀሉን ቅቤ ከዱራሜ በገዛ መኪናዬ አመጣዋለሁ ብዬ ለአማቴ በስልክ ቃል ስገባ፣ የዲኤክሷ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ተበታትኖ ነበር። ይሄን ለእሳቸው መንገር ምን ያደርጋል? ቅቤ ከሌለ የበዓሉ ምግብ፣ አተካና፣ የለም፤ ያለ አተካና የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ደግሞ፣ እንግዲህ እናንተው ገምቱት።

ሽጣት ትሉኝ ይሆናል። ሸጬ ምን ልገዛ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪኩ ዋጋ ደግሞ ከመምህር ደሞዝ ጋር አይተዋወቅም። ስለዚህ ፒስተንና ፋሻ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጣሁ፤ ቴስታታው ተላገ፤ መካኒኩም ገጥሞ ጨረሰ። ጨረሰ ስላችሁ፣ ዲስትሪቢውተሩ ሲቀር ነው። እሱን «ተወው፣ እኔ አስገባዋለሁ» አልኩት፣ ከእጅ ዋጋው እንዲቀንስልኝ። በሬ ሆይ!

ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ይጮሃል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ነዳጅ አለ፤ ካንዴላውም እሳት ይሰጣል። የሆሳዕና ባጃጅ ነጂዎች ከበቡኝ። አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ አንዱ ካርቡራቶር፤ ቆጮ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚያልፉ እናት ሳይቀሩ «ዓይን ገብቶባታል» ብለው ፈረዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና፣ እኔ ካርቡራቶሩ ላይ ነዳጅ ጠብ አድርጌ፣ አንገቴን ኮፈኑ ስር ሰግጌ «በል አስነሳ!» አልኩ።

ዷ!

እሳቱ ፊቴ ላይ ወጣ። ቀና ስል ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ቅንድቤን ፈለገ፣ ቀጥሎማ የሳቁን ነገር ተዉት። ያቺ እናት እንኳ ቆጯቸውን መሬት አስቀምጠው ነው የሳቁት።

ከመሃል «ቲቸር፣ ልይልዎት?» የሚል መጣ። ፊዚክስ ሳስተምር የኋላ ወንበር ላይ ሲተኛ የማውቀው ልጅ ነው፤ አሁን ጋራዥ ይሠራል። የመጀመሪያዋን ካንዴላ ፈታ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፈነና ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያለ አዞረ። «ፒስተኗ ሁለቴ ነው ላይ የምትወጣው፣ ቲቸር። አንዴ ነዳጁን ልታምቅ፣ አንዴ ጭሱን ልታስወጣ። እርስዎ እሳቱን የሰጧት ጭስ ስታስወጣ ነው።»

አራቱን የሞተር ምቶች በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ በባለ ቀለም ጠመኔ። እሱ ዲስትሪቢውተሩን ነቀለ፣ ግማሽ ዙር አዙሮ መለሰው። ቁልፉ እንደተነካ ተነሳች።

ዱራሜ ግን አልሄድኩም። አማቴ መጠበቅ ሰልችቷቸው ቅቤውን ይዘው በሚኒባስ መጡ። ቅንድቤን አዩና ዝም አሉ፤ የሚኒባሱን ሂሳብ ግን ከእኔ ተቀበሉ።