ልጅነትን በክሊፕ የመቅበር ጥበብ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ያሉ አበው ሆሊውድን አላዩም። እዚያ ልጅ ባቦካው ስቱዲዮው፣ ማናጀሩ፣ ጠበቃው፣ አሻንጉሊት ሻጩ ሳይቀር ጠግቦ ያድራል። ማይሊ ሳይረስ እ.ኤ.አ. በ2006 በዲዝኒ ቻናል ድራማ «ሃና ሞንታና» ሆና ማቡካት ስትጀምር ገና 13 ዓመቷ ነበር።

የልጅ ኮከብ ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያድጋል። አንቺም፣ የኔ ቆንጆ፣ አድገሽ ሳለ አገር ምድሩ ዛሬም ጉንጭሽን መቆንጠጥ ካማረው መድኃኒቱ የሙዚቃ ክሊፕ ነው። አወሳሰዱም እነሆ፦

አንደኛ፣ ወርቁን በሰም አትሸፍኚ። ማይሊ በ2010፣ ድራማው ገና ሳያልቅ፣ በአንድ ክሊፕ እንደ ብርቅዬ ወፍ ክንፍ አውጥታ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ታየች፤ ከዚያም አምልጣ ወጣች። ወፏ እሷ፣ ፍርግርጉ ልጅነቷ መሆኑ ያልገባው ተመልካች አይጠፋምና በሚቀጥለው ክሊፕ መዶሻ ጨምሪ። እሷ በ2013 ጨምራለች፤ ያውም እየላሰችው።

ሁለተኛ፣ ማልቀስ ካለብሽ መጀመሪያውኑ አልቅሺ። ይኸው የ2013ቱ ክሊፕ፣ «ሬኪንግ ቦል»፣ የሚከፈተው ካሜራው ፊቷ ላይ ተተክሎ፣ እንባዋ እየወረደ ስትዘፍን ነው። ይህን ማን ያስታውሳል? ሰው የሚያስታውሰው ቀጥሎ የመጣውን ነው፤ ሕንፃ ማፍረሻ ኳስ ላይ ራቁቷን ተፈናጥጣ ስትወዛወዝ። ክሊፑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ19 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ፤ ዘፈኑም በቢልቦርድ የመጀመሪያዋ ቁጥር አንድ ሆነላት። ከዓመታት በኋላ ያ ኳስ ዕድሜ ልኳን እንደሚከተላት ራሷ በምሬት መናገሯን አትስሚ። ለሰርግሽ ዕለት ስለ መልስ ማን ያስባል?

ሦስተኛ፣ እንዲህ ያመፀ ከእኔ በፊት አልተፈጠረም በይ። ብሪትኒ ስፒርስ በ2001፣ ክርስቲና አጊሌራ በ2002 ልብሳቸውን ቀንሰው በላብ ተጠምቀው እንደጨፈሩ አታንሺ። ሁለቱም በልጅነታቸው የዲዝኒው «ሚኪ ማውስ ክለብ» አባላት እንደነበሩማ ጭራሽ አታንሺ። አመፁም እንደ ዩኒፎርም ከአንድ ልብስ ሰፊ የወጣ ይመስላል።

አራተኛ፣ ከክሊፕሽ አትጥፊ። ጀስቲን ቢበር ይህን ስቶ በ2015 «ሶሪ»ን ለሴት ተወዛዋዦች ትቶ ራሱ ቀረ። ራቁቱን አልታየ፣ መዶሻ አልላሰ፣ «አደግኩ» ብሎ አልማለ። ትርፉ ምን ሆነ? በቢሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ብቻ!

አምስተኛውና ዋናው፣ ድምፅሽን ደብቂው። ዓይን ሥራ ሲበዛበት ጆሮ ያርፋል። በዚህ ረገድ ማይሊም ኋላ ላይ ሸርተት ብላለች። በ2023 «ፍላወርስ» ላይ የወርቅ ቀለም ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ስትራመድ፣ ቤቷ ገብታም ብቻዋን ስትጨፍር ታየች። ኳስም መዶሻም የለም። በዚያ ዘፈን በ2024 የመጀመሪያ ግራሚዋን ወሰደች፤ ሰዉም «ለካ ድምፅ አላት!» አለ።

ድምፁ ያን ጊዜም ነበር፤ እዚያው «ሬኪንግ ቦል» መጀመሪያ ላይ፣ እንባው ጋ። እኛ ነን ኳሱ እስኪመጣ ስንጠብቅ ያልሰማነው።