በሰመራ ቀትር ጋቢ ለበስኩ

ሰው በሰኔ ወር ሰመራ ይጋበዛል? የልጅ ልጄ ጋበዘችኝ። «አባባ፣ ትንሽ አየር ይለውጡ» አለችኝ በስልክ። አየሩስ ተለወጠ። ከድጡ ወደ ማጡ እንዳልል፣ እዚያ አገር ድጥም ማጥም የለም።

እኔ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰው ነኝ። በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ በገባው በድሮው ሐዲድ ላይ ፉርጎ ስቆጥር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ሙቀት አያስደነግጠኝም ባይ ነበርኩ። ከጅቡቲ ተሳቢዎች ኋላ አቧራ እየቃምን አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያን አልፈን ሰመራ ስንወርድ ግን አፌን ዘጋሁ። ቴርሞሜትሩ 42 ይላል። ነፋሱም አለ፣ አይካድም፤ ከምጣድ ሥር የሚወጣ ዓይነት ነፋስ።

ቤቷ ስገባ ጠረጴዛ ላይ አውራ ጣቴን የማታክል ጠርሙስ ተቀምጣለች።

«ምንድን ናት?»

«የፔፐርሚንት ዘይት ናት፣ አባባ። የናና ዘይት።»

«ለምን ትሆናለች?»

«ለምን አትሆንም!»

ከዚያ ጀመረችልኝ። ራስ ሲያም ግንባር ላይ፣ ለጉንፋን የፈላ ውኃ ላይ ጠብ አድርጎ መታጠን፣ ሲያቅለሸልሽ ማሽተት፣ ለጉንዳን መስኮት ላይ መርጨት፣ ለመጸዳጃ ቤት ሽታ፣ ለፀጉር፣ ለደከመ እግር፣ ለአይጥ በጥጥ ነክሮ ጥግ ጥጉ ላይ ማስቀመጥ። እኔ እንዲህ ያለ ሁሉን አዋቂ የማውቀው የመሥሪያ ቤታችንን አለቃ ብቻ ነው።

በእኛ ጊዜ ቅጠሉ ሁሉ ሥራውን ያውቅ ነበር። ለምች ዳማ ከሴ አለ፣ ለጉንፋን ባሕር ዛፍ አለ፣ ለሆድ ጤና አዳም አለ። ዳማ ከሴ አንድ ቀን እንኳ አይጥ አባርራለሁ ብሎ አያውቅም። ጤና አዳምም ቡና ውስጥ ይገባል እንጂ መጸዳጃ ቤት አይገባም፤ ክብሩን የጠበቀ ቅጠል ነው።

ናናን ደግሞ ማን አያውቀውም? ሻይ ውስጥ ጣል የምናደርገው ናና እኮ ነው፤ ስሙ በፈረንጅ አፍ ሲጠራ ዋጋው ጨመረ እንጂ። አወጣጡን ስትነግረኝማ ሳቄ መጣ። ቅጠሉ ላይ እንፋሎት ይለቀቅበታል፣ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ውኃ ይሆናል፣ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። የአረቄ አወጣጥ አይደለም እንዴ ይሄ! የመንደራችን ካቲካላ አውጪዎች ሳያውቁት ሳይንቲስት ሆነው ኖረዋል። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም እንዲህ ያሉ የሽታ ተክሎችን ያጠናል አለችኝ። ይሁን።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መብራት ጠፋ። ፋኑ ቆመ። ልጅቷ ሥራ ናት። በማለዳ «አባባ፣ በጣም ከሞቀዎት ባልዲው ውስጥ ሁለት ጠብታ ጣል አድርገው ይታጠቡ» ብላኝ ነበር የወጣችው። ሁለት ጠብታ! እኔ ለአንድ ስኒ ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የምጨምር ሰው ሁለት ጠብታ ምኔ ነው? ግማሽ ጠርሙሱን ገለበጥኩት።

ዘይትና ውኃ እንደማይታረቁ የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ ሙቀቱ አስረሳኝ። ዘይቱ ባልዲው ላይ ተንሳፍፎ ይጠብቀኛል። በጆግ ከላይ ከላዩ ቀዳሁና ከራሴ ጀምሬ አወረድኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጀርባዬ በረደው። ቀጥሎ ብብቴ። ከወገብ በታች የሆነውን አልነግራችሁም፤ ልጆች ሊያነቡት ይችላሉ። ውኃ ስጨምርበት ባሰበት። ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ የቀሩኝ ጥርሶች ማለቴ ነው። ሽርጤን እንደ ምንም ታጥቄ፣ ሻንጣዬን በርግጄ ጋቢዬን አወጣሁና ተከናንቤ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። በ42 ዲግሪ።

ሰመራ ውስጥ በቀትር ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ያየ ሰው ምን ይላል? ወባ ነው ይላል። ጎረቤቶቹ ሮጠው መጡ። አንዷ እናት እጄን ይዛ አለቀሰች። ወጣቶቹ በባጃጅ ጭነው ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። እኔ «ናና ነው! ናና ነው!» እላለሁ፤ እነሱ ይቃዣል ይላሉ።

ደሜ ታየ። ወባ የለም። ባለሙያው ጠጋ ብሎ አሸተተኝና «አባባ፣ እርስዎ ማስቲካ ማስቲካ ይሸታሉ» አለ። ስነግረው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ስቆ ሲጨርስ ግን ቁም ነገር ነገረኝ። በ2010 ዓ.ም ማለቂያና በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች በተደረገ አሰሳ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ወባ አስተላላፊ የእስያ ትንኝ ሰመራም የእኛው አዋሽም ተገኝታለች። ይህቺ ትንኝ ኩሬ ፍለጋ አትደክምም፤ ሮቶና በርሜል ውስጥ ትፈለፈላለች። የናና ሽታ ለጥቂት ጊዜ ያርቃት ይሆናል፣ ሽታው ሲተን ግን ትመለሳለች። «ሮቶውን ይክደኑ፣ አጎበር ውስጥ ይተኙ» አለኝ። እንግዲህ ልጅቷ ሮቶዋን ከፍታ መስኮቷን ናና ትረጫለች!

ማታ ከሥራ ስትመለስ በምግብ ዘይት እያሸች በጨርቅ ጠረገችልኝ። በውኃ አይለቅም፣ በዘይት ነው የሚለቀው። ዘይት እንዲህ በተወደደበት ዘመን እንደ ሥጋ ታሽቼ ተጠረግኩ። መጀመሪያውንም በሌላ ዘይት ሳይበረዝ ገላ አይነካም አለችኝ። አሁን ይነገራል?

«ግን እኮ አባባ፣ ሰውነትዎ አልቀዘቀዘም። ሜንቶሉ ነው ነርቭዎን ያታለለው።» ቆዳችን ላይ ብርድ የሚያውቅ በር አለ፤ ሜንቶል ያንን በር ይከፍትና አንጎል በረደኝ ይላል። ሙቀቱ እዚያው ነው። ይህን የብርድ በር በዚሁ በሜንቶል ካገኙት ሰዎች መካከል ዴቪድ ጁሊየስ እና አርደም ፓታፑቲያን በ2014 ዓ.ም መስከረም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ጁሊየስ ከዚያ በፊት የሙቀቱን በር ያገኘው በምን መሰላችሁ? በርበሬን የሚያቃጥል በሚያደርገው ነገር! እናቴ ሚጥሚጣ ሲወቀጥ «ከዚያ ራቅ፣ ያቃጥልሃል» እያለች ስንት ዓመት በነፃ አስተማረች፤ ማን ሸለማት?

ያናደደኝ ይሄ ነው። ብርድ ሳይኖር በረደኝ ማለት። ዛፍ ተክለው ጥላ እንደመስጠት ጠርሙስ ይሰጡኛል።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል፣ ጀርመኖች ከመቶ አሥር እጁ የናና ዘይት እንዲሆን በአልኮል በጥብጠው ለራስ ምታት ግንባር ላይ ቀብተው ከፓራሲታሞል አላነሰም ብለዋል። አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። የልጅ ልጄ ሕፃን አላት፤ ጉንፋን ሲይዘው አፍንጫው ሥር ልትቀባው ስትል እጇን ያዝኩ። ሐኪሞችም ይከለክላሉ፣ የሕፃን ትንፋሽ ሊያስጨንቅ ይችላል።

አዋሽ ስመለስ መናኸሪያው ላይ የአፋር ወዳጄ ጠበቀኝ። ሰላምታ ሳይጨርስ «ወባው ተሻለህ?» አለኝ። ዳጉ መሆኑ ነው። አፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነጋገር አይለያይም፤ ወሬዬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ገብቷል። ዳጉ ውስጥ ውሸት ነውር ነውና ቁጭ ብዬ ከባልዲው ጀምሬ አስተካክዬ ነገርኩት። ሲስቅ ወገቡ ላይ የታጠቀው ጅሌ ጩቤው ተንቀጠቀጠ። አሁን ደግሞ ይሄኛው ወሬ አሳይታ ደርሷል ማለት ነው።

ልጅቷ የተረፈውን ዘይት ሻንጣዬ ውስጥ ደብቃልኝ ኖሯል። የአዋሽ ቤቴ አይጥ አለው። እስቲ ብዬ በጥጥ ነክሬ አራቱም ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። ሲነጋ ጥጡ የለም። ሰንዱቄን ገለጥ ባደርግ አይጧ ጥጡን ሰብስባ ጎጆ ሠርታበታለች።

አላባረርኳትም። ሌሊት ጆሮዬ አይሰማም እንጂ አፍንጫዬ ደህና ነው። ክፍሉ ናና ናና ሲሸተኝ መጣች እላለሁና ዳቦዬን ከራስጌዬ አነሳለሁ።