ገብቶ የማይሰራ

ድሮ አልገጥም ያለ ዕቃ ቢያንስ ሐቀኛ ነበር። ቀዳዳው ውስጥ አይገባም፤ ገዢውም ቁርጡን አውቆ ወደ ሌላ ሱቅ ያቀናል። ዛሬ ሁሉም ይገባል። ገብቶ ግን አይሰራም።

ታይፕ ሲ ሲመጣ ከኬብል ክምር ተገላገልን ብለን ነበር። መልኩማ አንድ ሆነ፤ ሆዱ ግን ለየብቻ ነው። አንዱ ባትሪ ከመሙላት በቀር ሙያ የለውም። አንዱ ፋይል ሲገለብጥ በሰከንድ ከ480 ሜጋቢት አያልፍም፣ ሌላው 10 ጊጋቢት ያስኬዳል። ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ነው። ላዩ ላይ ቢጻፍ ምን ነበረበት? ሻጩን ብንጠይቀው «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» ይለናል። እኛ ስለ ፍጥነቱ ስንጠይቅ እሱ ስለ ዘሩ ይመልሳል።

ኤስኤስዲም ያው ነው። ኤም ዶት ቱ የሚሉት ስስ ሰሌዳ ሳታ የሚባል ዓይነትም አለው፣ ኤንቪኤምኢ የሚባልም አለው፤ የተለመደው መጠን የሁለቱም 22 በ80 ሚሊሜትር ነው። ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ላይ ሳታውን ብታስገቡት ቁጭ ይላል፣ ብሎኑም ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን አላየሁትም ብሎ ድርቅ ይላል። ጨዋ ሆኖ የቀረው ራም ብቻ ነው። ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልገባም ይላል፤ ጎድጎድ ያለው ቦታው የተለያየ ነውና። እግዜር ይስጠው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ፍለጋ የወጣ ሰውማ «ኮር አይ ሰቨን» የሚል ጩኸት ነው የሚቀበለው። ጀነሬሽኑን ሆድ ይፍጀው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሁለተኛው ጀነሬሽንም ኮር አይ ሰቨን ነው፤ ከእሱ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ኮር አይ ፋይቭ ጥሎት ይሄዳል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ጀነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ይኼን ሁሉ አስቦ «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ያለ ገዢ፣ ነገረኛ ተብሎ ይገላመጣል።

ታብሌቱስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አሥረኛው አይፓድ ቀዳዳው ታይፕ ሲ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚቀበለው ብዕር ግን ቻርጅ የሚደረገው በላይትኒንግ የሆነው የመጀመሪያው አፕል ፔንስል ነበር። ሁለቱን የሚያስታርቅ ትንሽ አስማሚ መጨመር ግድ ሆነ። ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች እኮ ናቸው! ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ የእኛንም መብራት ይችላል፤ ሶኬቱ ግን ያላግጣል። ዕቃው በዚያ አገር የስልክ ኩባንያ ተቆልፎ የመጣ ከሆነማ ሲም ካርዳችንን ውጦ ዝም ነው።

እሺ፣ እሽጉ ይከፈትና እዚሁ እንሞክረው ስንል «ከተከፈተ ማን ይገዛኛል?» እንባላለን። ቤት ወስደን ከፍተን አልሰራ ሲለን ይዘን ብንመለስ «ተከፍቷል እኮ» ይመጣል፤ ጣቱም ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይቀሰራል። ደረሰኝ ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ ዋጋው እንደ አዲስ ይሰላል፤ 15 በመቶው ተጨምሮበት።