የአህዮች እድር

ተረት ተረት። አንበሳ ወፍጮ ቤት ነበረው። ጅብ ካቦ፣ ቀበሮ ጸሐፊ፣ አህዮች ተሸካሚ ነበሩ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት አህያ ኩንታል ሙሉ እንደተጫነች ገደሉ አፋፍ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ማታ ጅብ ወርዶ በላት። ጠዋት ቀበሮ መዝገቡ ላይ «ያለ ፈቃድ ከሥራ የቀረች» ብላ ጻፈች፤ የቀኑ ገብሷም ተቆረጠ።

አህዮቹ እድር ለማቋቋም ፈቃድ ጠየቁ። አንበሳ ሳቀ። እድር ማንን ይጎዳል? እንዲያውም ለድንኳን መግዣ ጨመረላቸው። ችግሩ ለቅሶ ቤት ያስወራል። ንፍሮ እየቆረጠሙ ሲጫወቱ የአንዷ እናት፣ የሌላው ወንድም፣ የዚያችም ልጅ የወደቁት እዚያው አፋፍ ላይ፣ ያንኑ ያህል ተጭነው መሆኑ ታወቀ። ቡላ የሚባለው የእድሩ ዳኛ ካቦው ዘንድ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ አፋፉ ላይ ጭነቱ በግማሽ ይቀነስልን።»

«እድር ለሬሳ ነው፣ ልጄ።»

«ሬሳውን እርስዎ እየበሉት ታዲያ ምን እንቅበር?»

በማግስቱ አንድም አህያ ከበረት አልወጣም። ጅብ በቅሎን አስጠራ። እሷ መቼም አባቷን ሲጠይቋት «ፈረስ አጎቴ ነው» የምትል ናት፤ ከአህያ ጋር መቆጠር አትወድም። ኩንታሉን ተሸክማ ኮራ ብላ ወጣች። አፋፉ ላይ ጠጠሩ ከኮቴዋ ሥር ሲከዳት ቆመች። ቁልቁል ብታይ አጥንት ነው። ቀስ ብላ ተመለሰችና በረቱ በር ላይ «መመዝገቢያው ስንት ነው?» አለች።

ወፍጮው ሲቆም ጭነቱ ተቀነሰ። ኋላ ሌላ አንበሳ መጣና «እኔ የነገሥኩት በአህያ ስም ነው፤ ማኅበር ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ የእድሩን መዝገብ ወሰደ፤ ሊቀመንበርም ሾመላቸው። ማንን እንደሾመ መገመት አያቅታችሁም።

ይህ የአራዊት ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። በአገራችንም ሕግ ሳይፈቅድላቸው በፊት በእድርና በመረዳጃ ስም የተሰባሰቡ ሠራተኞች ነበሩ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በሠርቶ አደሩ ስም የሚምለው ደርግ ደግሞ እሱን አፍርሶ የራሱን አቆመ። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። እናንተ ጋ ስንት ናችሁ?